ምሳው ይቆረጥ

የግቢያችን የኮምፒውተር ክፍል ከሰዓት በኋላ ሽታ አለው። ማራገቢያው ላይ የተኛ አቧራ ሲግል፣ አሮጌ ፕላስቲክ ሲለሰልስ፣ በዚያ ላይ የድሬ ወበቅ ሲጨመርበት የሚወጣ ሽታ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ደግሞ በረጅሙ እስበዋለሁ። ባለፈው ሰሞን መምህራችን ለእኛ ለአንደኛ ዓመቶች የጽሑፍ ሥራ ሲሰጡን፣ እጃችሁ በደንብ የሚያውቀውን፣ አሁን ግን የሌለ ሥራ ጻፉ አሉን። የክፍሉ ልጆች ተያዩ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከልጄ ብዙም አይርቅም፤ እጃቸው ገና ምን ሊያውቅ ይችላል? አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የኮምፒውተሩን ፊት በጣቱ እየነካካ፣ «ማዘር፣ ይቺ ስንጥቅ ምን ይገባባታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ማዘር ነው የሚሉኝ፤ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ትንሿን ቁልፍ ተጫንኳት። መሳቢያው እያቃሰተ ባዶውን ወጣ። «ዲቪዲ ነው የሚገባበት» አልኩት። ልጁ ሳቀ። «አባቴ ባጃጁ ላይ የሰቀለው የሚያብለጨልጨው ነገር? እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለመምህራችን ቢሆንም ግማሹ ለዚያ ልጅ ነው።

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከጫማ ተራው ወደ ውስጥ ስትታጠፉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነበረ። በአንድ በኩል በጅቡቲ በኩል የገቡ ሽቶዎች፣ በሌላ በኩል እስከ ጣሪያ የተሰቀሉ ጂንስ ሱሪዎች። ሱሪዎቹን እንደ መጋረጃ በእጃችሁ እየገለጣችሁ ስታልፉ መጨረሻ ላይ የያሲን ሱቅ ትገኛለች። ሱቅ ማለትም ይበዛባታል፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማራገቢያ፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ሰድር የተደረደሩ የፊልም ሽፋኖች ብቻ ነበሩ። ያሲን ያኔ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የሚያዘወትር፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነበር። አባቱ ሐረሪ፣ እናቱ ኦሮሞ ናቸው፤ ከደንበኛ ጋር በአራት ቋንቋ ይከራከራል፣ ሲናደድ ግን በአማርኛ ብቻ ነው። እኔ የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ጨርሼ፣ የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ አስለብጬ ስሄድለት ወረቀቱን አገላብጦ አየና በሙቀት ውስጥ ስምንት ሰዓት መቀመጥ እንደምችል ብቻ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ልጽፍ አስቤ ነበር፤ መምህራችን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አትጻፉ ስላሉ ተውኩት። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ባለ ቀለም ስልክ የያዘ ሰው ሸሚዙን በኪሱ በኩል አውቆ ሳሳ ያለ የሚለብስበት ዘመን ነበር፤ ስልኩ ሲበራ በጨርቁ ውስጥ እንዲታይለት። ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ታወጣ ነበር። አንድ ፊልም ማስጫን አምስት ብር፣ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ለስልክ ማሳነስ ሃምሳ ብር ነበር፤ ሃምሳ ብር ደግሞ ያኔ ለሁለት ሰው ሩዝ በሥጋ አብልቶ፣ ጣፋጩን ሙሸበክ አስገዝቶ፣ ወደ ሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ይመልስ ነበር። ሴቶቹ ሳሳ ያሉ ድሪያዎች ለብሰው፣ ሚሞሪያቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ቋጠሮውን ሲፈቱ ካርዷ ተፈናጥራ ትወድቅና ሁላችንም ወለሉ ላይ እንንበረከካለን። በዚያች ሱቅ ወለል ላይ ሚሞሪ ሲፈልጉ የተዋወቁ፣ በኋላም የተጋቡ ሰዎች አውቃለሁ። ሰርጋቸውንም እኛው አሳነስንላቸው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዲቪዲ ላይ ያለ ፊልም ትልቅ ስለሆነ እንዳለ ስልክ ውስጥ አይገባም። ዲስኩን ለኮምፒውተሩ እናጎርሰዋለን፤ ኮምፒውተሩ ፊልሙን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያ አሳንሶ፣ ጨምቆ እንደገና ይጽፈዋል። ኮንቨርት ማድረግ ነበር የምንለው። የተጨመቀው ምስል በዚያች ትንሽ ስልክ ላይ ቢያምርም ሲያጎሉት ፊቶች ሁሉ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ ከዜሮ ተነስታ ወደ መቶ የምትሳብ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች። ወጣትነቴን ያችን መስመር ስመለከት የጨረስኩት ይመስለኛል። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ዘጠና ስድስት ላይ መብራት ቢጠፋ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ያን ጊዜ ያሲን እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ያየዋል፣ መልሶ ይሰካዋል። ዲስኩ ተጭሮ አልነበብ ካለ የጥርስ ሳሙና ቀብተን፣ ከመሃል ወደ ዳር በጥጥ ወልውለን መልሰን እናስገባዋለን። ብዙ ጊዜ ይነበባል። ሱቃችን ሁልጊዜ የጋለ አቧራና የጥርስ ሳሙና ይሸት ነበር።

ረጃጅሙን ሥራ የምናስጀምረው እኩለ ቀን ላይ ነው። ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የሚያንቀላፋው ያንቀላፋል። እኛ ሁለት ሰርግ በሁለቱ ኮምፒውተር ላይ እናስነሳና ማራገቢያውን ከራሳችን አንስተን ወደ ማሽኖቹ እናዞራለን፣ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርደን እንሄዳለን። አሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ መተላለፊያው እየነቃ ነው። ከሽቶ ሻጩ የሱማሊኛ ዘፈን፣ ከሱሪ ሻጩ የሂንድ ፊልም ዘፈን፣ ከእኛ ደግሞ የሰርግ ከበሮ፤ ሦስቱ መሃል መንገድ ላይ ይጋጫሉ። አሁን በዚያ ስታልፉ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የሚሰማውን ለብቻው ነው የሚሰማው። መተላለፊያው ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከፊልሞቹ ይልቅ እኔ የምወደው ሰርጎቹን ነበር። አንድ ሰርግ ሦስት ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ከሙሽሪት ቤት እስከ አዳራሽ ያለው ነው፤ ሦስተኛው ኬክና ጭፈራ ነው። መሃል ላይ ያለው ሁለተኛው ዲስክ ምሳው ነው። የድሬ ሰርግ ላይ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ምግብ ለየብቻ፣ በሁለት ድንኳን ስለሚቀርብ ካሜራው ሁለቱንም ድንኳን ይዞራል፤ አንዱን ቢዘል ዓመት የሚቆይ ቅሬታ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ፣ መብራቱን በየሰው ፊት ላይ እያበራ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያኝኩ ይቀርጻል። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይጋርዳሉ፣ ሕፃናት ምላስ ያወጣሉ፣ ሽማግሌዎች ወደ ሰሃናቸው ያቀረቅራሉ። አንድ ሚሞሪ ደግሞ ሦስቱንም ዲስክ አይችልም። ስለዚህ ያሲን ለመጣው ሁሉ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «ምሳው ይቆረጥ?» ሰውም ሳያስብ «ይቆረጥ» ይላል። ሩዝ ሲዛቅ ማን ያያል? ስንት መቶ ምሳ እንደቆረጥኩ አላውቅም። አንዲት ቁልፍ ናት።

እምቢ ያሉ አንድ ሰው ብቻ ትዝ ይሉኛል፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡት ሀጂያ ፋጡማ። የበኩር ልጃቸውን ሰርግ ይዘው፣ ሄልና እርድ እየሸተቱ፣ ሱሪዎቹን እየገፉ ገቡ። ያሲን እንደ ልማዱ ጠየቃቸው።

«ለምን ይቆረጣል?» አሉ።

«ቦታ የለም ሀጂያ፣ ሚሞሪው አይችልም።»

«ቦታ ከሌለ ሙሽሮቹን ቁረጥ። እነሱ ቤቴ ናቸው፣ በየቀኑ አያቸዋለሁ።»

ያሲን ሳቁን ለመደበቅ ከጠረጴዛው ሥር ገመድ የሚፈልግ መሰለ። እኔ መደበቅ አልቻልኩም። ሀጂያ ሳይከራከሩ ሁለተኛ ሚሞሪ ገዝተው ሁሉንም አስጫኑ፣ ዲስኮቹንም በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ሀጂያ ያበሉትን ሰው ሊቆጥሩ ነው እያልን ስንስቅ ከረምን። የእሳቸው ምሳ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ልኩን የማስታውሰው በሥራ ዘመኔ ሳልቆርጥ የጨመቅኩት ብቸኛ ምሳ ስለሆነ ነው። ጨመቅኩት እንጂ አላየሁትም። የማየው መስመሯን ነበር።

አሁን ስለ አባቴ መጻፍ አለብኝ። አባባ ሽመንደፈር፣ ምድር ባቡሩ ውስጥ፣ በያጅ ነበር። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች እኔንና ታናሽ እህቴን ሰናይትን ያሳደገን እሱ ብቻውን ነው። ጭፈራ አይችልም፣ ፎቶ መነሳትም አይወድም። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ወይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል ወይ ወንበር ሊያመጣ ይሄዳል። ከመታወቂያው ላይ ካለችው ፎቶ በቀር የእሱ የሚባል ምስል ቤታችን አልነበረም፤ እሷም የእሱ አትመስልም፣ የተቆጣ ሰው ትመስላለች። ሰርግ ግን አይቀርበትም። ካኪ ኮቱን ለብሶ በጠዋት ይሄዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ያድላል፣ ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ጥግ ፈልጎ ይበላል። የሰናይት ሰርግ ዕለት እንኳ የሙሽሪት አባት ነህ ተቀመጥ ቢባል እምቢ ብሎ ሁለቱን ድንኳን በማንቆርቆሪያ ሲዞር ዋለ።

ሰናይት ባገባች በዓመቱ ከባሏ ጋር ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ሆነ። ሰርጓን በስልኳ ይዛ መሄድ ፈለገች። እኔው ነኝ የሠራሁላት፣ በያሲን ሱቅ፣ ከጉዞዋ ሁለት ቀን አስቀድሞ። አባባ ምሳዬን በሳህን አድርጎ አምጥቶልኝ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ለቀልድ ያህል እንደ ደንበኛ ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ምሳው ይቆረጥ?»

«ሲበላ የሚታይ ምን አለ? ቁረጪው ልጄ። ጭፈራውን ሙሉ ስጫት።»

ቆረጥኩት። ያመጣልኝንም ምሳ እዚያው፣ መስመሯን እያየሁ በላሁ።

ሰናይት በሄደች በአራተኛው ዓመት አባባ በድንገት አረፈ። መምጣት አልቻለችም። ከቀብሩ በኋላ ደወለች፤ ድምፅዋ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«ፊልሙን ዛሬ ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ትዕግሥትዬ» አለችኝ። «አባባ የለበትም። ኬኩ ሲቆረጥ በር ላይ ጀርባው ያልፋል። ጀርባው ብቻ። የት ሄዶ ነው?»

የት እንደሄደ አውቅ ነበር። ምሳው ላይ ነው አልኳት። ምሳው የት እንዳለ ስትጠይቀኝ ስለ ሚሞሪው ቦታ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ገባት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ዋጋ ውድነት እናወራለን እንጂ ስለዚያ ሰርግ አንስታ አታውቅም።

ዲስኮቹን ፈለግኩ። በዚያን ጊዜ ማጫወቻዎቹ በመብራት መዋዠቅ ተቃጥለው ነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ ስልክ ዞሮ ነበር፤ ዲቪዲ ጌጥ ሆኖ ባጃጅ ላይ ይንጠለጠላል፣ መልካ ጀብዱ ቲማቲም ማሳ ላይ ወፍ ያባርራል። ከእኛ ሦስት ዲስኮች አንደኛውና ሦስተኛው ካርቶናቸው ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛውን ያገኘሁት ቤታችን ጓሮ፣ የሎሚው ዛፍ ላይ ነው። ተከራያችን ለወፍ ሰቅሎታል። እሱ ምን ያውቃል? ከሦስቱ ያንን የመረጠው ለብቻው ወጥቶ ስላገኘው ነው፤ ለብቻው ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የሰናይትን ሰርግ በቆረጥኩ ቀን ስላልፈለግኩት። ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፌ «ምሳ» የሚለው ደብዝዞ ይነበባል። ብርማው ልባስ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጧል፤ ወደ ፀሐይ ባነሳው ፀሐይዋ በውስጡ አልፋ ዓይኔን ወጋችኝ። እንዲህ ያለውን የጥርስ ሳሙና አያድነውም። ቢሆንም ሞከርኩ።

ይህ ከሆነ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ያሲን ጋ ሥራ ካቆምኩ በኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጄ ከፍ ስትል ደግሞ ሁልጊዜ የምመኘውን ትምህርት ጀመርኩ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ዋጋዎቹን እንዳልሳሳት ብዬ ደብተሬን ይዤ ታይዋን ሄድኩ። ያሲን እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ የፊልም ሽፋኖቹ ቦታ የስልክ ሽፋኖች ተሰቅለዋል፣ እሱም መነጽር አድርጎ ስልክ ይጠግናል። ጢሙ ሸብቷል። እስክሪብቶው ግን ጆሮው ላይ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ገባሽ አሉ፣ ማሻአላህ» አለኝ። «ያኔ ሰርግ ስንት ብር እንደነበር ለማወቅ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?»

ሃምሳ መሆኑን አረጋገጠልኝ። ከዚያ ወደ ጥግ አመለከተኝ፤ አሮጌ የዲስክ ማንበቢያ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አሁንም አልፎ አልፎ እንደሚሠራ ነገረኝ። ሰዎች አሮጌ ዲስክ ይዘው ይመጣሉ፣ ዲስክ የሌላቸውም ይመጣሉ፣ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው።

«ምሳውን» አለኝ። «እናቴ እዚያ ላይ አለች፣ ወንድሜ እዚያ ላይ አለ ይሉኛል። ሙሽሮቹን የሚፈልግ የለም፣ ግማሾቹ ተፋትተዋል። እኔ ደግሞ ምሳ የት አለኝ? ቆርጠን ቆርጠን ጨርሰነው።»

ያኔ ነው ስለ ሎሚው ዛፍ የነገርኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያሲን እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ አየው። መልሶ ሰካው። አባትሽ ሽመንደፈር አልነበር ወይ አለኝ፤ ነበር አልኩት።

«የሀጂያ ፋጡማ ባልስ የት ነበር የሚሠራው?»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«የሽመንደፈር ሰው» አለ ያሲን «ከሽመንደፈር ሰው ሰርግ ይቀራል?»

ቀፊራ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ያን ቀን ግን ረጅም ሆነብኝ። ሀጂያ ፋጡማ እዚያው የቅመም ጆንያዎቻቸው መሃል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ እጃቸው ግን ቁንዶ በርበሬውን ሳያይ ይለያል። ማን እንደሆንኩ፣ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ያ የሳቃችሁበት ምሳ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ለካ ሰምተዋል።

«አብሽሪ፣ ሳቅ ሰው አይገድልም። ዲስኩ አለ። አባትሽ መጥቶ እንደሆነ አላውቅም፤ የባሌን ባልደረቦች ሁሉ በስም አላውቃቸውም። ግን አንድ ነገር። እየዘለልሽ አታዪም። የራስሽን ሰው ብቻ አይተሽ አትሄጂም፣ የእኔም ሰዎች እዚያ አሉ።»

እሑድ ከሰዓት እኔና ያሲን ቤታቸው ሄድን። ያሲን ማንበቢያውንና ላፕቶፑን በፌስታል ይዟል። ሀጂያ ከሣጥናቸው ሥር አረንጓዴ ድሪያ አውጥተው ፈቱ፤ ሦስቱ ዲስኮች ውስጡ ነበሩ፣ ሄል ሄል እየሸተቱ። ሁለተኛውን አስገባን። ማንበቢያው ዞረ፣ አጉረመረመ፣ ዝም አለ። እንደገና ሞከርን፤ ያው ነው። የያሲንን ፊት ማየት ፈራሁ። ሀጂያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የጥርስ ሳሙና ይዘው ወጡ። «ያኔ ስታደርጉ አይቻችኋለሁ» አሉ።

ወለወልኩት፤ ከመሃል ወደ ዳር። እጄ አልረሳውም ነበር።

ተነበበ። ድንኳን፣ አቧራ፣ የሰሃን ኳኳታ፣ የሩዝ እንፋሎት። ሀጂያ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ሰዎቻቸውን በጣታቸው እየነኩ ያስተዋውቁን ጀመር። ይቺ እህታቸው ናት፣ አላህ ይርሀማት። ይሄ ጎረቤት ነው፣ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ቀረ። ይቺ ልጅ አሁን ሐኪም ናት። ባላቸው መጣ፤ ሩዙን በሦስት ጣቱ ጠቅልሎ ሲጎርስ፣ አንዲት ፍሬ ጢሙ ላይ ስትቀር፣ እጃቸው ሊያነሳለት እንደሚፈልግ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ጭፈራ ላይ ሰው ራሱን አይመስልም፣ ለካሜራ ነው የሚጨፍረው። ምሳ ላይ ግን ሁሉም ራሱን ነው። እኔ በዚያች ቁልፍ ስንት እናት፣ ስንት ጎረቤት እንዳጠፋሁ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ያሲንም ያንኑ ያስብ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እስክሪብቶው ግን እጁ ላይ ነበር።

ሃምሳ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ካሜራው ወደ ክርስቲያኖቹ ድንኳን ገባ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ ዞረ። ሁለት የአባባን ጓደኞች አየሁ። የመጨረሻው ጠረጴዛ መጣ፤ የለም። ካሜራው ሊወጣ ዞር ሲል፣ የድንኳኑ ገመድ ጋ፣ ቦታውን ለሰው ለቆ ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ነበር። መብራቱ ፊቱ ላይ አረፈ። አፉ ሙሉ ነው። መዳፉን አነሣ፣ ዋጠ፣ በዚያ በብረት አቧራ በሻከረ ድምፁ ተናገረ።

«እኔን ተወኝ ልጄ፣ ሙሽሮቹን አንሣ።»

ቀራጩ ግን እንደ እኔ ታዛዥ አልነበረም። አልተወውም። አባባ ጫማውን እንዳያስር ሰሃን ጉልበቱ ላይ ነው፣ ወንበር ሊያመጣ እንዳይሄድም እንዲሁ። ምን እንደሚያደርግ ጨነቀው። ከዚያ ፈገግ አለ፣ ጠቀለለና ጉርሻውን ወደ ካሜራው ዘረጋ። «እንግዲያው ና ብላ» አለ።

አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ወደ ኋላ ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ሀጂያ ያዙኝ። «ምሳው አላለቀም» አሉኝ፣ በለሆሳስ። እጄን ሳይለቁ እስከ መጨረሻው አየነው፤ እንባዬን በሌላኛው እጄ እየጠረግኩ።

በማግስቱ ያሲን ከዲስኩ የገለበጠልኝን ፋይል በፍላሽ ይዤ ወደ ግቢያችን ኮምፒውተር ክፍል ሄድኩ፣ ለሰናይት ልልከው። አልጨመቅኩትም። ትልቅ ስለነበር መስመሯ ቀስ እያለች ትሳብ ጀመር፤ የአሁኗ ሰማያዊ ናት። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነገሩን ስለነገርኩት ከእኔ ጋር ይጠብቅ ነበር። «ማዘር፣ አባትሽ ያለባትን ብቻ ቆርጠሽ ብትልኪ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል እኮ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። መብራት እንዳይጠፋ በልቤ እየለመንኩ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ሲያልቅ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ምሳ አግኝቻለሁ። የእኛ ሳይሆን የሀጂያ ፋጡማ ልጅ ሰርግ ነው። አባባ አለበት።» ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ አልነገርኳትም።

መልእክቴን ወዲያው ከፈተችው፤ ስልኬ ምልክቱን አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ክፍሉ እየጋለ፣ ያ ሽታ እየበረታ ሄደ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወጡ። አንድ ሰዓት ሞላ። ሃምሳኛው ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል፤ አይታዋለች ማለት ነው፣ ድምፁን ሰምታለች ማለት ነው። ልጁ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ መለስ ብሎ አየኝ።

«ማዘር፣ እስካሁን አልመለሰችልሽም?»

«ገና ምሳ ላይ ናት» አልኩት።